እናቴ መስቀል የጨበጠች ቀን

ግድያ ያለበት ልብ ወለድ እወዳለሁ። ዛሬም እወዳለሁ፤ ዛሬ ግን ሲመሽ አላነብም። ደብረ ብርሃን በምሠራበት መድኃኒት ቤት ደንበኛ ጭር ሲል ከባንኮኒው ሥር መጽሐፌን አወጣለሁ፣ ባልደረባዬም «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» እያለች ትቀልድብኛለች። እውነቱን ለመናገር ማን እንደ ሞተ ግድ የለኝም። ሟቹ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሰናበታል። እኔን የሚይዙኝ የቀሩት ናቸው፤ አብረው የሚያለቅሱት፣ አብረው እራት የሚበሉት፣ ከመካከላቸውም አንዱ የሠራውን እያወቀ «እስቲ ጨው አቀብሉኝ» የሚለው። ደራሲው ጎበዝ ከሆነ ገዳዩን ያስወድደኛል። ከወደድኩት በኋላ ነው መፍራት የምጀምረው። ፍርሃቱ የሚጥመኝ ደግሞ መጽሐፉን ስከድነው አብሮ ስለሚከደን ነው።

ያነበብኩትን ለታላቅ ወንድሜ እተርክለት ነበር። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። እናታችን ከወለደቻቸው ያደግነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ አባታችን ቶሎ ስለሞተም አርሶ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከአንኮበር ወዲያ ካለው መንደራችን ለገበያ ሲመጣ ቤቴ ያድራል፣ እኔም ካቆምኩበት እቀጥልለታለሁ። መጠርጠር ግን አይችልበትም ነበር። ያላማረውን ሰው ሁሉ ገዳይ ያደርጋል። «ይሄ ኩርፍተኛው ሰውዬ ነው፤ ሙች ስልሽ!» ይላል። እስቅበታለሁ። «ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገዳይ ሆኖ አያውቅም። የመጽሐፍ ሕጉ ነው» እለዋለሁ።

ባለፈው በጋ በመንደሩ የመሬት አዋሳኛችን የሆነ ገበሬ ከገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ሰው መጀመሪያ «አድጦት ነው» አለ። የገነዙት ግን አናቱ ከኋላ በዱላ መመታቱን ተናገሩ። ፖሊስ መጥቶ ጠያይቆ ሄደ፤ የተያዘ ሰው አልነበረም። እኔም ለቅሶ ልደርስ ተነሣሁ። ሟቹና ወንድሜ በመስኖ ውሃ ተራ ሲነታረኩ መክረማቸውን አውቃለሁ፤ አገሩም ያውቃል። ሚኒባሱ ውስጥ ያንኑ ሕጌን ለራሴ ደጋገምኩት። መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፣ እንግዲያው እሱ አይደለም።

ወንድሜን ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲወጥር አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀኝ። ከዚያ ዱላውን አየሁ። ከአባታችን የወረሰው፣ በቅቤና በዕድሜ የጠቆረው ዱላ አልነበረም። የያዘው ገና የተላጠ ነጭ እንጨት ነው። «ያኛውስ?» ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ሻይ ቀድቼ፣ ትራሴን አመቻችቼ የምቀመጥበት ቦታ ነው። እዚያ ግን የለቅሶ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና አዲሱን ዱላ ታየዋለች። ዓይኖቻችን ሲገናኙ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ከሰልስቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ «የሰው ደም ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም» ብለው አውጫጭኝ ጠሩ። በእኛ አገር ወንጀለኛ ሲጠፋ የሚደረግ ነው። ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ነገሩ እስኪወጣ እርሻም ገበያም የለም። በየቤቱ እየተጠራ፣ ታላቅ እየቀደመ፣ ሁሉም በካህኑ መስቀል ይምላል። አልገደልኩም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ብዋሽ ዘሬ ይጥፋ። በሐሰት የማለ ሰው ልጆቹ እንደማይተርፉለት የማያምን በዚያ ሜዳ አልነበረም። እኔም፣ ከተማ ተምሬ ኪኒን የምሸጠው፣ አምናለሁ።

ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩና መጽሐፍ እንዳስለመደኝ ሰዎቹን አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። የሟቹን አማች ጠረጠርኩ፤ ሣር እየነጨ አንገቱን ደፍቷል። አረቄ ሻጩን ጠረጠርኩ፤ ላብ አጥምቆታል። ሰላ ድንጋይ ድረስ ከብት የሚነዳውን ነጋዴ ጠረጠርኩት፣ ካህኑም አልቀሩኝ። ማንም ይሁን አልኩ፣ የማንም ልጅ፣ የማንም አባት፣ ብቻ እሱ አይሁን። ድሮ ጠርጥሬ ስሳሳት ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ስለ እሱ በጠረጠርኩት እንድሳሳት ለመንኩ። ወደ ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም።

የእኛ ቤት ተጠራ። ከቤቱ ታላቋ እናቴ ስለ ሆነች ቀድማ የምትምለው እሷ ናት። እናቴ እንግዲህ መሐላ የምትጠላ ሰው ናት፤ ጎረቤት በቀልድ እንኳ በስመ ማርያም ሲምል ትቆጣለች። ትከሻዬን ተደግፋ ተነሣች።

«እናታችን፣ ያዩት የሰሙት ካለ ይናገሩ፤ ከሌለም ይማሉ» አሉ ካህኑ።

መስቀሉን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷን አየሁት፤ ሁሉንም ታውቃለች። መርጣም ጨርሳለች። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

«አልገደልኩም» አለች። «አላየሁም። አልሰማሁም።»

ከወንዶቹ ወገን ወንድሜ ብድግ አለ።

«አባቴ፣ እናቴን አያስምሏት!» ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል። «እኔ ነኝ። ውሃውን ከለከለኝ፣ ዞሮ ሲሄድ መታሁት። እሷን ይተዋት።»

ሜዳው ሁሉ ወደሱ ዞረ። የሟቹ ሚስት ጮኸች፣ ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ ካህኑም መስቀሉን ሊነጥቋት ሞከሩ። እናቴ አልለቀቀችም። ያንን ሁሉ ጩኸት እንዳልሰማች ሆና፣ ቀስ ብላ፣ መሐላውን «ብዋሽ ዘሬ ይጥፋ» እስከሚለው መጨረሻው ድረስ ማለችው። አጠገቧ ስለ ነበርኩ የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።