የሉሲያን ጎማ

በቴዎፊል ጎተራ ግድግዳ ላይ ሁለት ማንጠልጠያ አለ። በአንዱ የሟች ሚስቱ የሶላንዥ ሰማያዊ ብስክሌት ተሰቅሏል። ሌላው ባዶ ነው። ባዶውን ባለፈው የብርድ ወራት ራሱ መዶሻ ይዞ ነው የመታው፤ “የኔ ቀን ሲደርስ ሚስማር ፍለጋ አልባክንም” ብሎ።

ሰውዬው እንዲህ ነው። ፈረንሳይ አገር፣ ቡርጎኝ ኮረብታዎች መሀል ተወልዶ፣ ዕድሜውን ሙሉ የወይን ጠጅ በርሜል ሲገጥም ኖሮ፣ አሁን ሰማንያ ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። እጁ እንደሚጠርበው እንጨት ደረቅ ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከእጁ የባሰ።

እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር በብስክሌት ይወጣል። ሁሉም ጡረተኞች ናቸው፤ የሚቸኩል የለም። ከስንዴው ማሳ ወደ ወይኑ፣ ከወይኑ ወደ ነጫጮቹ ላሞች መስክ፣ ከአንዷ የድንጋይ መንደር ወደ ሌላዋ እየተንከባለሉ ይሄዳሉ። ጠዋት የተጀመረው ሐሜት ምሳ ላይም አያልቅም። ምሳው በደረሱበት መንደር አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ላይ ነው። ዳቦ፣ የደረቀ ቋሊማ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ አይብ፣ ከአንዱ ቦርሳ ብቅ የሚል ጠርሙስ። ብስክሌቱ ለምሳው ሰበብ ነው ቢባል ማንም አይቆጣም።

ታዲያ ከብዙ ዓመት በፊት ኦኖሬ የሚባል ሽማግሌ ዳገት ላይ ወደኋላ ይቀር ጀመር። ሌሎቹ ጫፍ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። አንድ ቀን ቴዎፊል ትዕግሥቱ አለቀና በሁሉም ፊት፣ “እኔ ሰው ማስጠበቅ የጀመርኩ ቀን ብስክሌቴን እሰቅላለሁ። ያኔ ማንም ሊለምነኝ እንዳይመጣ” አለ። ለራሱ የተናገረ መስሎ ነው፤ ግን ኦኖሬ ሰማው። ከዚያ እሑድ ወዲያ አልወጣም፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የቴዎፊል ቃል ግን ሳይሞት ቀረ። ቃሉን እንደማያጥፍ ደግሞ የሚያውቁት ሁሉ ያውቃሉ።

ሶላንዥ ካረፈች ወዲህ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓትና የራሱ ሳል ነው። እሑድ ከተወሰደበት ምን ይተርፈዋል? ይህን ሲያስብ ሆዱ ይባባል፤ ሲባባበት ደግሞ ይቆጣል።

በዚህ ዓመት፣ ብርዱ አልፎ ሜዳው ቢጫ አበባ ሲለብስ፣ አንድ እንግዳ ነገር መጣ። የሉሲያን ጎማ ዳገት ላይ ይተነፍስ ጀመር። ሉሲያን ከልጅነት አብሮ ያደገ ጎረቤቱ ነው፤ የውሃ ቧንቧ ሲቀጥል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ከመሪው የሚቀድም ሰው።

“ደግሞ ተነፈሰብህ?” ይለዋል ቴዎፊል፣ እያለከለከ ሲደርስ።

“ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ሹል ድንጋይ የተባለ ሁሉ እኔን ነው የሚፈልገው።”

“ድንጋዩን ተወው፣ ሆድህ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ጎማው ነው።”

የሉሲያን ጎማ ደህና የሆነ ዕለት ደግሞ ኦዲል ትቆማለች። ኦዲል መንገድ መሪያቸው ናት፤ የቀድሞ አስተማሪ ስለሆነች ቁሙ ስትል ይቆማል። ዳገት ላይ በድንገት የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፍቅር ይይዛታል።

“እሜት ኦዲል፣ ይህን ጣሪያ ባለፈው ወርም አይተነዋል።”

“ባለፈው ወር ፀሐይዋ በዚህ በኩል አልነበረችም።”

ቴዎፊል አጥሩን ተደግፎ እስኪረጋጋ ድረስ ያጉረመርማል። “አርጅታችኋል እናንተ። እኔ ባልኖር ማን ይጠብቃችሁ ነበር?” ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ እነሱን መጠበቅ ደስ ይለው ጀምሯል።

መስከረም ላይ ወደ ሞንቬር ወጡ። ሞንቬር ኮረብታ ጫፍ ላይ ያለች ባለቅጥር መንደር ናት። አደባባይዋ ላይ ከሊንደን ዛፉ ሥር ሆኖ የፕሪም ኬክ መብላት የቴዎፊልና የሶላንዥ የየዓመቱ ልማድ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ሄዶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ራሱ ነው እንሂድ ያለው።

ዳገቱ እንደሚያስታውሰው አልነበረም። የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ አስገባ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገባ ማርሽ የለም። ጓደኞቹ ቀስ በቀስ ከፊቱ ራቁ። ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታ ጀመር። ጫፍ ላይ ቆመው ሲጠብቁት ታየው። በቃ፣ ዛሬ ነው አለ በሆዱ፤ ባዶውን ማንጠልጠያም አየው። ማልቀስ አማረው፤ ለማልቀስ ግን ትንፋሽ አልነበረውም።

መታጠፊያውን ሲዞር ሁሉም ቆመዋል። የሉሲያን ብስክሌት ሳሩ ላይ ተገልብጧል።

“ተነፈሰ” አለ ሉሲያን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

“አንተና ጎማህ! ዞር በል፣ ልየው።”

“ተወው ባክህ፣ እኔው እሠራዋለሁ።”

ቴዎፊል ግን ተንበርክኮ አውራ ጣቱን ጎማው ላይ ጫን አደረገ። ጎማው ድንጋይ ነው። ሌላኛውንም ጫን አደረገ፤ እሱም ድንጋይ ነው። ቀና ብሎ ሉሲያንን አየው። ሉሲያን ላሞቹን ያያል። ኦዲል የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ታያለች። ሌሎቹም የሚያዩት አላጡም።

ከአበባው ወራት ጀምሮ የተነፈሰው ጎማ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ፤ ቆሽቱ አረረ። ሕፃን አደረጋችሁኝ ወይ ሊል አፉን ከፈተ። ያኔ የሉሲያንን ጣቶች አየ። ሰውዬው ሲሠራ የቆየ ለመምሰል ከሰንሰለቱ ቅባት እየጠረገ እስከ አንጓው ድረስ ተለቅልቋል፤ አሁንም መጥረጉን አላቆመም። ፈርቷል። የፈራው ቁጣውን አልነበረም፤ ጓደኛውን እንዳያጣ ነው። ለኦኖሬ፣ አለ ቴዎፊል በልቡ፣ ለኦኖሬ ጎማዬ ተነፈሰ ያለለት ሰው አልነበረም። ይህ ከዳገቱ የባሰ ከበደው።

አፉን ዘጋ። ጎንበስ አለና የጎማውን መንፊያ ክዳን ፈትቶ ራሱ አስተነፈሰው። ፊሽሽ ሲል ሁሉም ሰሙት።

“መጥፎ ነው” አለ። “ጊዜ ይፈልጋል። ተቀመጡ።”

የውስጥ ጎማውን አወጣ። አንድም ቀዳዳ የሌለውን ጎማ እየዳሰሰ ቀዳዳ ፈለገ። ደህናውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ማስቲሽ ቀባው፣ እፍ እያለ አደረቀው፣ ልጣፊውን ለጠፈበት። በርሜል ሲገጥም እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም። ነፍቶ ሲጨርስ ልቡ ቦታው ተመልሶ ነበር። ቀሪውን ዳገት ጎን ለጎን ሆነው ወጡት።

ከሊንደኑ ሥር የፕሪሙ ኬክ መጣ። ቴዎፊል የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጎርስ ሶላንዥ ትዝ አለችው፤ እንባው መጣ፣ አልደበቀውም። ኦዲል ሌላ ቁራጭ ኬክ እያቀረበችለት፣ “ለመሆኑ ቀዳዳው ትልቅ ነበር?” አለች።

ቴዎፊል አኝኮ እስኪውጥ አልተቸኮለም።

“ትልቅ ነው” አለ። “ጠግኜዋለሁ፤ ግን አልተማመንበትም። የሚቀጥለው ዳገት ላይም ሳይተነፍስ አይቀርም።”

ሉሲያን በቅባታም ጣቱ ዓይኑን ጠረገ፤ ጉንጩ ጠቆረ። “ይተነፍሳል” አለ። “እኔ ጎማዬን አውቀዋለሁ።”

ማታ ቴዎፊል ብስክሌቱን ጎተራው በር ጥግ፣ እንደ ሁልጊዜው አስደገፈው። ወለሉ ላይ የከረመውን የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን አንስቶ ባዶው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አዲስ የጎማ ልጣፊ ፈለገና ለእሑድ ኪሱ ውስጥ ከተተው።