የወረደ ቁጥር ይዤ ወደ ኮልፌ

ቅዳሜ ጠዋት ከሲኤምሲ የወጣሁት ጋሽ ደምሴን ፍለጋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ኮልፌ ውስጥ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ መምህሬ ናቸው። ቤተ ሙከራችን መድኃኒት የሚሸከሙ የስብ ናኖ ቅንጣቶችን ይሠራል። ቅንጣቶቹ እንዳይጓጉሉ ከሚያራርቋቸው ነገሮች አንዱ ላያቸው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ልኬቱ ዜታ ፖቴንሻል ይባላል። ባለፈው ወር ደህና የነበረው ቁጥር በዚህ ሳምንት ወደ ዜሮ ወረደ። የሠራነው ቅንጣት በሙሉ ሰኞ ሊጣል ነው ተባለ። የለፋሁበት ነውና እንቅልፍ አጣሁ።

አየር ጤና

ከሜክሲኮ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም" ይላል። አየር ጤና ወርጄ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። ያደግኩት እዚሁ ሰፈር ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከሰናይትና ከሙና ጋር አንዱን በቆሎ ለሦስት እየተካፈልን እንሄድ ነበር። የምንቀመጥበት የድንጋይ አጥር ቦታ ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። በቆሎውም እንደ ድሮው አልጣፈጠኝም። ግማሹን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዓለም ባንክ

ጋሽ ደምሴ ጓሮ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ቅንጣቶቹ ፔግ የሚባል ፖሊመር ልባስ እንዳላቸው ነግሬ ውጤቱን ስልኬ ላይ አሳየኋቸው።

"የባለፈውን ወር በምን ፈሳሽ አቅጥናችሁ ነው የለካችሁት?"

"ጨዉ በጣም ትንሽ በሆነ ባፈር።"

"የአሁኑንስ?"

"ያኛው አልቆብን... እንደ ደም ጨዋማ በሆነው።" ድምፄ እየሟሸሸ ሄደ።

"ጨው እኮ ቻርጁን ይሸፍነዋል። ቅንጣቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይወርዳል። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?"

"ግን ጋሼ፣ ዜሮ አጠገብ ሲሆን አያሰጋም?"

"የፔግ ልባስ አላቸው አላልሽም? ወፍራም ጋቢ የደረቡ ሰዎች ቢጠጋጉም ገላቸው አይነካካም። መጠናቸው አድጓል?"

"ፍሪጅ ያለው አላደገም።"

"ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ? በመጀመሪያው ባፈር ድገሙት፤ መጠኑንም ተከታተሉ። ዋስትና ግን አልሰጥሽም።"

ልሂድ ስል ጎመን በፌስታል አስያዙኝ። ተማሪ ሳለን ፈተና ለወደቀ ተማሪ ሙዝ ይገዙለት ነበር፤ እሱ ትዝ አለኝና ሳቅኩ።

አመሻሽ፣ ቤት

ከታክሲው ውስጥ ለባልደረባዬ ደውዬ "ሰኞ እንዳይጣል፤ ባፈሩ እስኪመጣ ይቆይ" አልኩት። ተስማማ።

ቤት ገብቼ ጎመኑን ሳወጣ ግማሽ በቆሎዬን አገኘሁት። የድሮውን የበላሁት ተርቤ፣ በሁለት ጓደኞቼ መሀል ሆኜ ነው፤ የዛሬውን ደግሞ ብቻዬን፣ ሰኞን እየፈራሁ። በቆሎው ምን አጠፋ?

ከስንት ጊዜ በኋላ ሰናይት ጋ ደወልኩ። "በሚመጣው ቅዳሜ አየር ጤና እንገናኝ፤ ሙናንም ጥሪያት" አልኳት።

"ምን ልናደርግ?"

"አንድ በቆሎ ለሦስት ልንበላ። ምሳ እንዳትበሉ።"