የማሽላው ጉድጓድና የሞባይሉ መብራት

ልጅ እያለሁ የማሽላ ጉድጓድ መከፈቱን የማውቀው በአፍንጫዬ ነበር። ድንጋዩ ከአፉ ላይ ሲነሳ ኮምጠጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። እኛ ቆለኞች እህላችንን እንደ ደገኛ ጎተራ ውስጥ አናስቀምጥም ነበር። መሬት ቆፍረን፣ ግድግዳውን በእሳት አድርቀን፣ ማሽላውን ከተን አፉን በጭቃ እንመርገዋለን። ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆይልናል። ታዲያ ሰሞኑን ያንን ሽታ የት ያሸተትኩት ይመስላችኋል? ሙዚየም በሚሉት ጉድ ውስጥ።

ዓይኔን አዲስ አበባ ታይቼ ስመለስ ነው። መኪናውን የሚነዳው የልጅ ልጄ የሐያት ባል ከድር ነው፤ ይህን የምትጽፍልኝም ሐያት ናት። ሰባት ዓመት የሆናት ልጃቸው ሪሃና ከእኔ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ደብረ ሲናን ወርደን ሙቀቱ ፊቴን ሲነካኝ፣ አገሬ ገባሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ሸዋ ሮቢት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከድር መኪናውን አቆመ። የድሮ ገበሬ ቤት የሚል ሰሌዳ አይቶ ነው። ወረድ ብለን እግራችንን እናፍታታ አለ። እኔ የድሮ ገበሬ ቤት ተወልጄ፣ የድሮ ገበሬ አግብቼ፣ እሱ ቤት አርጅቼ፣ አሁን ደግሞ ልጎበኘው።

አስጎብኚው ከደጋ የመጣ ልጅ ነው፤ ያማረ ሸሚዝ ለብሷል፣ በእጁ ቀጭን ዘንግ ይዟል። ቤት ውስጥ አስገብቶን በዘንጉ እየጠቆመ ያወራ ጀመር። ቀንበሩን ገልብጦ ሰቅሎታል። ወንጭፉ ሥር ወረቀት ለጥፏል፤ ሐያት ስታነብልኝ የጥንት ተዋጊዎች መሣሪያ ይላል። ያ ወንጭፍ እኮ ማማ ላይ ቆመን ማሽላ የሚበላውን የግሪሳ ወፍ የምናባርርበት ነው። ተዋጊዎቹ እኔና እህቴ ነበርን፤ ቁመታችን ከአገዳው አይበልጥም። ልነግረው አፌን ስከፍት፣ እማማ ጥያቄ በመጨረሻ ነው አለኝ። ተውኩት። የተማረ ሰው ሲሳሳት ማየትም አንድ ጉብኝት ነው።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደን። ጉድጓድ አለ፣ እውነተኛ የማሽላ ጉድጓድ። ድንጋዩን ገና አሁን ለእናንተ ነው ያነሳሁት አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። እውነተኛ እንዲመስል ብለው ክረምት ላይ ማሽላ ጨምረውበታል፤ እንደ ጥንቱ አፉን በጭቃ መርገውታል። እስከዚያች ሰዓት ተከፍቶ አያውቅም። አሁን መሰላል አስገብቶ፣ እኔ ቀድሜ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ሕፃኗ ትውረድና ፎቶ ትነሳለች አለ። ሪሃና ከደስታዋ ብዛት መሰላሉን ይዛዋለች።

ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩ። ማንም አይገባም አልኩ። ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ ሲከፈት አየሩ ይገላል፤ መጀመሪያ እሳት ይውረድ፣ እሳቱ ከኖረ ሰውም ይኖራል አልኩት። ልጁ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ለአሮጊት የሚሳቅ ሳቅ ነው። ሞባይሉን አብርቶ በሲባጎ አስሮ ወደ ታች ለቀቀው።

"ይኸው እማማ፣ ይበራል። ምንም አልሆነም።"

ከድርም ጎንበስ ብሎ አየና፣ አዎ እኮ፣ ቁልጭ ብሎ ይበራል አለ። ሪሃና እጄን ልታስለቅቅ እየታገለችኝ ታለቅሳለች። ይበራል የሚለው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ይህንን ቃል ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ያልኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ደርሶ፣ አባቴ ግመል ጭኖ አሊዩ አምባ ገበያ ሄዷል። ለድግሱ ማሽላ ማውጣቱ ለእማዬ ቀረ። ጠዋት ጉድጓዱን ከፍታ እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት አስተነፈሰችው። ወራጇ ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ናት፤ ቀጭን ስለሆነች ሁልጊዜ እሷ ነበረች። የእኔ ሥራ ኩራዝ አብርቶ በገመድ ማውረድ ነው። ኩራዙ ከበራ ትገባለች፤ ከጠፋ እስከ ማግስቱ ማንም አይጠጋም። ከአጎቴ ቤት ከበሮው ይሰማል፤ ሴቶቹ ማጨብጨብ ጀምረዋል፤ እግሬ መሬት ላይ አልቆም ብሏል። ኩራዙን አወረድኩት። ጭልጭል አለና ጠፋ። እማዬ የሰዓዳ ወገብ ላይ ገመዱን እያጠበቀች፣ ይበራል ወይ አለችኝ። ይበራል አልኳት።

ሰዓዳ አንድ ቁና እንኳ ሳትሞላ ድምፅዋ ጠፋ። ገመዱ ከበደ። በእማዬ ጩኸት ጎረቤት ደርሶ ጎትቶ አወጣት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ውኃ ተደፋባት፣ ደረቷ ታሸ፣ ቁርዓን ተቀራባት። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስ ዘራች። አዋቂዎቹ ተሰብስበው ነገሩን መረመሩና የጉድጓዱ ጂን ነው አሉ። ለጂኑ ዶሮ ታረደለት። እኔ በዋሸሁት ጂኑ ሲሰደብ ዝም ብዬ ሰማሁ፤ የዶሮውንም እግር ለእኔ ሰጡኝና በላሁ።

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ያ ሸሚዝ ለባሽ እግሩን መሰላሉ ላይ ሲያሳርፍ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ልጄ፣ እኔም ያኔ ይበራል ብያለሁ። ጠፍቶ ነበር። እህቴን ሬሳ አድርጌ ላወጣት ነበር። ያንተ መብራት አይተነፍስም፤ የሚተነፍስ መብራት አምጣ።"

ሐያት ልጇን ነጥቃኝ አቅፋ ወደ ኋላ ሸሸች። ከድር መንገድ ተሻግሮ ከሱቅ ሻማ ገዝቶ መጣ። ጣሳ ውስጥ አቁመን በሽቦ አወረድነው። የአንድ ሰው ቁመት እንኳ አልወረደም፤ ነበልባሉ አነሰ፣ አነሰና ጠፋ። ልጁ አላመነም፤ ደጋግሞ ለኩሶ አወረደው፣ ደጋግሞ ጠፋ። ሞባይሉ ግን እዚያው ታች ማሽላው ላይ ተጋድሞ እንደ ፀሐይ ያበራል። ልጁ መሰላሉን አውጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነበራ። አሳዘነኝ፤ ቢሆንም ሳልወጣ ቀንበሩን አስተካክለህ ስቀል ብዬው ነው የወጣሁ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከድር ወደ ቤቴ ሊታጠፍ ሲል፣ አትታጠፍ፣ አጣዬ ከተማ ሰዓዳ ጋ ውሰደኝ አልኩት። ሰዓዳ አለች፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ምላሷ ግን አልደከመም። ዛሬም የሆነ ነገር ሲጠፋባት ያንን ጂን ትራገማለች፤ እኔም አሜን እላታለሁ። ደጇ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ፣ በልጆቹ ፊት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ትክ ብላ አየችኝ።

"አንቺ ሞኝ፣ ኩራዙ ሲጠፋ እኔም አይቻለሁ። ከበሮው የተሰማው ላንቺ ብቻ ነው እንዴ?"

ዕድሜያችንን ሙሉ ያ ምስኪን ጂን ሁለታችንን ተሸክሞ ኖሯል። ሳቅን፣ ከዚያ እኔ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው፣ በእኛ ጊዜ ያቺ ቆርቆሮ ኩራዝ አልዋሸችም ነበር። ጠፍታ ነግራናለች፤ የዋሸነው እኛ ነን። የዛሬዎቹ የያዙት መብራት ግን፣ ሰው አጠገቡ ሞቶም ያበራል።