የእናቴ እግርና የጥየቃ ክፍሉ

እናቴ የወደቀችው በአገልግሎት ላይ ነው። ይህን ያለችው ቤተክርስቲያናችን ነች እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ የማውቀው፣ አዳማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር፣ የታመመች ሴት ለመጠየቅ ከባጃጅ ስትወርድ አንድ እግሯ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ገብቶ መሰበሩን ነው። በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ "ጠላት የእህታችንን እግር መታው" ተብሎ ተነገረ። ጠላት አዳማ ድረስ መጥቶ የቦይ ክዳን እየፈታ ለቆራሌው እንደሚሸጥ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሕዝቡ አሜን አለ፤ እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

እናቴ የቤተክርስቲያናችን የጥየቃ ክፍል ኃላፊ ነች። ክፍሉ የታመመን፣ የወለደችን፣ ያዘነን ይጠይቃል። ከእሷ በፊት ይህ ሥራ እንደየሰዉ ጊዜና እንደየሰዉ ጸባይ ነበር የሚሠራው፤ እሷ ስትይዘው ግን ሕግ ወጣለት። በሽተኛ በአንድ ሰው አይጠየቅም፤ ሲያንስ አንዱ የሚጸልይ፣ አንዱ ቃል የሚያካፍል፣ አንዱ መዝሙር የሚያነሣ መኖር አለበት። የቀረበ ነገር አይገፋም፤ "የሰውን ሻይ መግፋት ፍቅሩን መግፋት ነው" ትላለች። ቁጭ ሳይሉ መነሣትማ ጭራሽ ነውር ነው፤ እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት ያስመስላል። በዚህ ሕግ አዳማን አዳርሳ ወለንጪቲ ድረስ ሄዳለች። ቤተክርስቲያናችን እዚያ የወንጌል ሥራ ስትጀምር አብረው ከወጡት አንዷ ነበረች። ኦሮምኛዋ ከሰላምታ ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ ቢሆንም "አካም ጅርቱ" ብላ የገባችበት ቤት ሁሉ እስከ ዛሬ ስሟን ያነሣል።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። እግሯን ከፍቶ ብረት አስገባና ወደ ቤት ሊሸኘን ሲል እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። "ይህ እግር መሬት እንዳይነካ" አለኝ። "ለቀጠሮ እስክትመጡ ድረስ፣ ለመጸዳጃ እንኳን ቢሆን ደግፋችሁ እንጂ አይረግጡም። ስኳር አለባቸው። ብረቱ ከተነቃነቀ እንደገና መክፈት ሊኖርብን ነው፤ ቁስሉ ከተበላሸ ደግሞ እግሩን ልናጣው እንችላለን።" ልናጣው አለ፣ የራሱም ድርሻ ያለበት ይመስል። ፈራሁ። ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ፣ አልጋዋን ሳሎን አውርጄ፣ ላስታምማት ተዘጋጀሁ።

መጀመሪያ የመጡት የራሷ ክፍል አባላት ናቸው። "እኔ ያሠለጠንኳቸው!" ብላ ፊቷ በራ። ከዚያ የሴቶች ክፍል መጣ። ከዚያ መዘምራን "ሀ"፣ ከዚያ መዘምራን "ለ"፤ ሁለቱ ስለማይዋደዱ በተለያየ ሰዓት። ከዚያ ወጣቶች ጊታር ይዘው። የወለንጪቲ ምእመናን አንድ ሚኒባስ ሞልተው ከአንድ ማዳበሪያ ሽንኩርትና ከነነፍሱ ካለ አውራ ዶሮ ጋር ደረሱ። ሁሉም ሕጉን ያውቃሉ። ጸለዩ፣ ቃል አካፈሉ፣ ዘመሩ፣ የቀረበውን አልገፉም። እኔ በአዳማ ሙቀት ከምድጃው ሥር ሳልወጣ ዋልኩ። የዓመት ፈቃድ ማለት ለካ ሻይ ማፍላት ኖሯል።

ሻዩንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት መነሣቷን ነው። እናቴ ሰው ሲገባ ተኝታ መቀበል አይሆንላትም። ያደገችው ሸዋ ውስጥ፣ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ ተነሥቶ "ኖር" በሚባልበት ቤት ነው። በጎልማሳነቷ ጴንጤ ስትሆን ብዙ ነገር ትታለች፤ መነሣቱን ግን አልተወችም። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ እሷ ብርድ ልብሱን ገፋ፣ የአልጋውን ብረት ጨበጥ፣ ብድግ። "ኧረ በጌታ፣ አይነሡ!" ይላሉ። ግን አይነሡ የሚባለው ለተነሣ ሰው ነው፤ ተኝቶ ለቀረማ ማን ይለዋል? እኔ ከኩሽና እየሮጥኩ ስደርስ ሁሉም ተሳስመው ጨርሰዋል።

ይባስ ብሎ ጸሎቱ አለ። ልማድ ክፉ ነው። ጸሎት የሚመራው ሰው ዓይኑን ጨፈን ያደርግና "እንግዲህ ሁላችንም ተነሥተን በጌታ ፊት እንቅረብ" ይላል። ሁላችንም ስንባል እናቴ ከሁላችን መካከል ነች። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ አሥር የሚሆኑ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስለ እናቴ እግር በእንባ ይጸልያሉ። እናቴ በመካከላቸው በዚያው በሚጸለይለት እግር ቆማለች። ፊቷ በሕመም ጠቁሯል፤ አሜን ትላለች። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጬ ብብቷን ይዤ አስተኛኋት። የሚመራው ወንድም አንድ ዓይኑን ከፈት አድርጎ አየኝና መንፈሱ እንደተቋረጠበት በድምፁ አስታወቀኝ።

ለቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብረቱን በጣቱ ተከተለው። ከዚያ "ይህ እግር ቆሟል" አለ። "ማን ነው የሚያስቆማቸው?"

"ምእመናን" አልኩት።

"ለጸሎት እኮ ነው፣ ዶክተር" አለች እናቴ።

"ተኝተው አይሰማም?"

ብረቱ ትንሽ ሸሽቷል፤ አንዴ ከዚህ ካለፈ ቀዶ ጥገናው እንደገና ነው አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ደግሞ እሷ ፊት መናገር አልፈለገም። ግን ገብቷታል። በባጃጅ ስንመለስ እጄን ይዛ "እግሬ ከሄደ አገልግሎቴም ሄደ" አለችኝ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ እኔ ምንም አላለችም። የታመመ ሰው ቤት መግባት እንዳይቀርባት ብቻ ነው የፈራችው።

በማግስቱ ቤተክርስቲያን ቢሮ ሄድኩ። ሽማግሌዎቻችን ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ያስቸገረኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ በር ዘግቼባቸው እገላገል ነበር። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው። እናቴን ማንም ለጊዜው እንዳይጠይቃት ለመንኳቸው። ደነገጡ፣ አዘኑ፣ ሰብሳቢው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተነሥተን ጸለይን። ከዚያም ጉዳዩ በዋዛ የሚታይ ስላልሆነ የእህታችንን ዕረፍት የሚያስከብር ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው ሥራውን በማግስቱ ጠዋት እኛ ቤት ጀመረ። አባላቱ በር ላይ ይቀመጡና የሚመጣውን ጠያቂ ይመልሳሉ። ግን ከወንጂ ሸንኮራ እርሻ ድረስ የመጣን ሰው በምን አንጀት እንዲሁ ይመልሱታል? ስለዚህ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ያስቀምጡታል፤ እሱም እስከ መጣ ድረስ ከመስኮቱ ውጭ ሆኖ ይጸልያል፤ በውጭ የሚጸለይ ደግሞ ወደ ውስጥ እንዲሰማ ጮክ ማለት አለበት። የተመለሰው ሰው ለብቻው እንዳይከፋው ሻይ ይቀርብለታል። ኮሚቴው ከጠዋት ጀምሮ ስለዋለ ምሳ ይበላል። ከምሳ በኋላ ስብሰባ አለው፤ ስብሰባው ጉዳዩ በቀጥታ በሚመለከታት ሰው ፊት መሆን ስላለበት ሳሎን ይገባል። ሰብሳቢው ገና ደፉን ሲረግጥ እናቴ ብድግ ትላለች። በኮሚቴው ሳምንት እናቴ ከመቼውም ይልቅ ቆመች።

እኔ ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ። አባቴ "ይቺ ልጅ ሚጥሚጣ ነች" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ኮሚቴው ከመድረሱ በፊት፣ የኮንትራት መኪና ጠርቼ እናቴን ከኋላ ወንበር እግሯን ዘርግቼ አስተኛኋትና ወደ ባቱ ይዣት ሄድኩ። ለሽማግሌዎቹ ለተሻለ ሕክምና ከከተማ ወጥተናል ብዬ ላክሁ። የተሻለ ሕክምና ያልኩት ጸጥታ ነው፤ ውሸት አይባልም። ቢባልም አልጸጸትም።

ባቱ ያለችው አክስቴ የእናቴ ታናሽ ነች። ኦርቶዶክስ ስለሆነች የእኛ ምእመናን ቤቷን አያውቁትም። እናቴ እምነቷን በቀየረች ጊዜ ተኳርፈው ዓመታት ቆይተዋል፤ ልቅሶ ነው ያስታረቃቸው። አስቀድሜ ስደውልላት "እኔ ቤት በሽተኛ ይተኛል እንጂ አይዘመርበትም" አለችኝ። በስልኩ ውስጥ ገብቼ ልስማት ፈለግሁ።

እውነትም ጸጥ ያለ ነበር። የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል፤ ጠዋት ጠዋት የአበባ እርሻ ሠራተኞችን የሚጭነው ሰርቪስ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። የእናቴን ስልክ እኔ ያዝኩት። በመጀመሪያው ቀን በድምፅ ማጉያ የጸለዩላት ሰዎች "እህታችን፣ ባለሽበት ተነሺ" ሲሉ ግማሽ አካሏ ተነሥቶ ስላየሁ ነው። እግሯ መሬት አልነካም። እብጠቱ ቀነሰ፣ ቁስሉ ደረቀ። እኔ በልቤ ጀግና ነበርኩ።

እናቴ ግን ከምግብም ከጨዋታም እየቀነሰች ሄደች። የግቢው የቆርቆሮ በር በተንቋቋ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ በክርኗ ከፍ ትላለች። የሚገባው ወተት የምታመጣው ሴትዮ ነች፤ አለበለዚያ ነፋስ ነው። "ማነው?" ትላለች። "ማንም አይደለም" እላታለሁ። "እሺ" ብላ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። አንጀቴን በላችው። ቢሆንም ስልኩን አልሰጠኋትም።

አክስቴም አላስቻላት። የጽዋ ማኅበር ጓደኞቿን ጠርታ አመጣቻቸው። በነጠላ ተሸፋፍነው ገቡ፣ "እግዜር ይማርሽ" አሉ፣ ዳቦ ቀመሱ፣ በሽተኛ እንዳይደክማት ብለው ቶሎ ተነሡ። እንዲህ ነው ጥየቃ ብዬ በደስታ እስከ በር ሸኘኋቸው። ስመለስ እናቴ ጣራውን እያየች ነው።

"ደግ ሰዎች ናቸው" አለች። "ግን ምነው ቶሎ ሄዱ?"

የመጨረሻው ቀጠሮ ሲደርስ ወደ አዳማ ተመለስን። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። አጥንቱ ገጥሟል፤ በምርኩዝ መርገጥ ትችላለች። "ማነው ያስታመማቸው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ መሆኔን ስነግረው እጄን ጨበጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ ሾፌሩ "ወደ ባቱ ነው የምንመለሰው?" አለ። አዎ አልኩት። አጥንቱ እስኪጠነክር አንድ ወር ልጨምርላት አስቤ ነበር። እናቴ ግን የመኪናውን በር ይዛ አልገባም አለች።

"እማዬ፣ እግርሽ ሊቆረጥ ነበር እኮ!" አልኳት። ሰው እስኪዞር ጮህኩ። "በእነሱ ምክንያት!"

"አውቃለሁ" አለች። "እነሱ ጎዱኝ፣ አንቺ አዳንሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ግን እዚያ ቤት በቁሜ የሞትኩ ነበር የመሰለኝ።" ምርኩዟን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። "እግሬን ብቻሽን አስታመምሽው። ብቻሽን ልትቀብሪኝ ነው?"

አባቴ የሞተ ዕለት ድንኳኑን የተከሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሬሳውን የተሸከሙት፣ እኔ መቃብሩ ላይ ስወድቅ ክንዴን ይዘው ያቆሙኝ እነሱ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ነው ያደሩት። ያኔ ስንት ሻይ እንደጠጡ አልቆጠርኩም።

ስልኬን አውጥቼ ለሰብሳቢው ደወልኩ። "ቤት ልንገባ ነው" አልኩት። "ኑ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

እኛ ከሆስፒታሉ እስከ ሰፈራችን በመኪና ነው የሄድነው። ስንደርስ ቀድመውን በራችን ላይ ሞልተው ነበር፤ መዘምራን "ሀ"ም "ለ"ም፣ ጎን ለጎን። እናቴ ገና ከሩቅ ስታያቸው ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ንዴት ነው።