የማሞቂያው ሽቦ

ባለፈው ጥር ዓይኔን ለመታየት ጎንደር ወጥቼ ነበር። ባደርኩበት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ሾፌር በማለዳ መኪናውን ለማስነሣት ይታገላል። ሞተሩ ይዞራል፣ ያጉረመርማል፣ ይተወዋል። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ አዳመጥኩ። የቤቱ ባለቤት ሻይ ይዛ ገብታ «ረበሸዎት አይደል?» አለችኝ። «ምንም አይደል» አልኳት። ያ ድምፅ ግን ከአምሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መልሶኝ ነበር።

አባቴ ሸሕዲ አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ ያርሱ ነበር። እኔ ሴት ልጃቸው ጎንደር አሥረኛ ክፍል እማራለሁ፤ ለገና ወደ ቤት ወርጄ ነበር። ያኔ በሰፈራችን መብራት የለም። የራዲዮዬ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ፣ ጓሮ ከተጣለ የትራክተር ባትሪ ጋር ላገናኘው ሽቦ ፈለግሁ። አባቴ ባላቸው የናፍጣ ፒካፕ ሞተር ላይ አንድ ወፍራም ሽቦ እንዳለ አውቅ ነበር። ሾፌራችን ጋሽ መርሻ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያጸዳ «ይቺ ሞተሩን የምታሞቅ ናት፤ ቆላ ላይ ማን ይፈልጋታል? ፀሐዩ አሙቆልን!» እያለ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ፈታሁት። ለሁለት ሳምንት ራዲዮዬን ሰማሁ፤ መኪናውም በየማለዳው ተነሣ። ነገሩን ረሳሁት።

ጥምቀት ሲቃረብ አባቴ እንየው የሚባለውን አጫጅ ቤቱ ሊያደርሱ ተነሡ፤ ሲመለሱ ትምህርት ቤቴ እንዲያወርዱኝ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። እንየው ከዳባት ወዲያ ካለ የደጋ መንደር በየአጨዳው የሚመጣ ሠራተኛ ነበር። እሱ ሲመጣ የመንደሩን ጎበዛዝት አስከትሎ ነው። ሌላው ገበሬ ሸሕዲ ገበያ ላይ ሠራተኛ ሲሻማ፣ አባቴ እቤታቸው ቁጭ ብለው ይጠብቁት ነበር። ቤቱ ድረስ መሄዳቸውም ለዚህ ውለታ ክብር መስጠታቸው ነበር።

ስንደርስ የእንየው እናት ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። የገብስ ቂጣ በቅቤ፣ የባቄላ አሹቅ አቀረበችልን፤ ለእኔ ጋቢዋን አውልቃ ደረበችልኝ። እንየው «የእንግዳ ንብረት ነው» ብሎ መኪናው ላይ ተኝቶ አደረ።

ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። መኪናው እምቢ አለ።

«ባትሪው ሞቷል» አሉ አባቴ።

«ቢሞትማ ማስነሻው ሞተሪኖ እንዲህ ይዞር ነበር?» አለ ጋሽ መርሻ። የናፍጣውን ቱቦ አላላው፤ ናፍጣው ፈሰሰ። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ አራገፈው። «ይህም ደህና ነው። እንግዲህ ብርዱ ነው» ብሎ አንገቱን ኮፈኑ ሥር ቀበረ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። «ጋሼ፣ የማሞቂያው ሽቦ የለም። በእጅ ነው የተፈታ።»

«መቼ?»

«ትናንት ከሸሕዲ ስንነሣ ምንም አልሆነ። ሌሊት ነው እንጂ መቼ ይሆናል?»

አባቴ ወደ እንየው ዞሩ። «እዚህ የተኛኸው አንተ ነህ።»

«አዎ ጋሼ። እኔ ሽቦ ምን ያደርግልኛል?»

«ሳሉግ መቼም ሳሉግ ነው!»

በእኛ አገር ለአጨዳ የሚመጣውን ሠራተኛ እንዲህ ይሉታል። አባቴ ግን እንየውን በዚህ ስም ጠርተውት አያውቁም ነበር። ጆንያው ይፈተሽ አሉ። እንየው ማንንም አላስነካም፤ ራሱ ፈትቶ ደጁ ላይ ዘረገፈው። ለእናቱ የገዛው ነጠላ፣ ማጭዱ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የሱዳን ሻይ ብርጭቆዎች። አንዱ ድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል።

እኔ የእናቱን ጋቢ እንደተከናነብኩ በሩ ላይ ነበርኩ። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ አባቴን አየሁና ዘጋሁት።

የእንየው እናት ወደ ጋሽ መርሻ ቀረበች። «ማሞቅ ከሆነ የቸገራችሁ እሳት አለ» አለች። በገል ፍም ይዛ መጣች፤ ሄደች፣ ደግማ አመጣች። ጋሽ መርሻ ፍሙን ከሞተሩ ሥር ዘርግቶ እንዳይነድድ አመድ ነሰነሰበት። ዘይቱ እስኪላላ ጠበቅን። ከዚያ መኪናውን ወደ ቁልቁለቱ ገፉት። እንየውም ትከሻውን ሰጥቶ ገፋ። ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሣ። አባቴ ለእናቱ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ወደ እሱ ግን አልዞሩም።

ጎንደር ስንደርስ አባቴ ሱቅ ወረዱ። ያኔ ለጋሽ መርሻ ነገርኩት።

«ለካ ቆላ ላይ ያለ እሷም ይነሣ ኖሯል!» አለ። «እኔም ተሳስቻለሁ።» ቀጥሎ «አሁን ብትነግሪያቸው አባትሽ ተመልሰው ይቅርታ የሚሉ ይመስልሻል? ዝም በይ። ትምህርትሽን ተማሪ» አለኝ።

የታላቅ ምክር ነው ብዬ ተቀበልኩ። ምክሩ ባይመቸኝ ኖሮ እቀበለው እንደሆነ እንጃ።

በቀጣዩ አጨዳ አባቴ እንደ ልማዳቸው ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ መንደር አንድም ሰው አልመጣም። ሸሕዲ ገበያ ወርደው የዳባት ልጆች አግኝተው ቢያናግሯቸው፣ አንዱ «እርስዎ ጆንያ ያስፈትሻሉ አሉ» ብሏቸው የሌላ ገበሬ ትራክተር ላይ ወጣ። ይህን ለገና ስወርድ ራሳቸው ነገሩኝ። «ሌባው ስሜን አጠፋው» አሉ። ወጥ እያወጣሁላቸው ነበር፤ ማውጣቴን ቀጠልኩ። እንዲህ እንዳመኑ ሞቱ።

ባለፈው ጥር የዓይን ሕክምናዬን ጨርሼ መናኸሪያ ስደርስ «ዳባት! ደባርቅ! አንድ ሰው!» ይባላል። ተራ አስከባሪው ክንዴን ደገፍ አድርጎ «እማማ፣ ይግቡ፤ አንድ ቦታ ነው የቀረው» አለኝ። ቆምኩ። እንየው ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ በሕይወት ሊኖር ይችላል። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ለምሳ እደርስ ነበር።

«እኔ የሸሕዲ ነኝ» አልኩት።

የቆላው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ የዳባቷ ሚኒባስ ሞልታ ስትወጣ አየሁ። ያን ጠዋት አባቴን ፈርቼ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። አባቴ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ታዲያ አሁን የፈራሁት ማንን ነው?