ከወለል መነሣት

አክስቴ መዝገብ ቤት መሥራት ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ በሱ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። የትኛው ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ካርድ ሳታይ ትናገራለች። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን በዚህ አይደለም የሚያውቋት። «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት። ደብዳቤ ይዞ የወረደ ሰው ሁሉ ደብዳቤው ለምን እንደተጻፈ፣ ለምን ሁለት ማኅተም እንዳረፈበት ሳይጠየቅ አይመለስም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ፋይል ከታችኛው መደርደሪያ ጀርባ ወደቀባት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ሰዳ አወጣችው። ልነሣ ስትል አልሆነም። የሚያማት ነገር የለም፤ ጉልበቷም ወገቧም ደኅና ነው። እግሮቿ ብቻ እምቢ አሉ። እንደ ሕፃን እየዳኸች ጠረጴዛው ጋ ደረሰችና እግሩን ጨብጣ እንደምንም ተነሣች። ሌላ ሰው ቢሆን ማንም አለማየቱን አረጋግጦ ነገሩን በሆዱ ይይዘው ነበር። እሷ ግን ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገረችኝ። ያፈረች አትመስልም፤ ነገሩ ገርሟታል።

«ሃምሳ ስድስት ዓመትሽ እኮ ነው» አልኳት።

«እሱንማ እኔም አስቤው ነበር። የጽዳቷ ሴትዮ ግን በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ወለል ወልውላ ስትጨርስ ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች ብድግ ነው የምትለው።»

ምስጢሯን ጠይቃት ኖሯል። ሴትዮዋ «ምን ምስጢር አለው፣ በቀን ስንቴ ጎንበስ ቀና እንደምል ፈጣሪ ነው የሚያውቀው» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። መልሱ ይኸው ነበር፤ አክስቴ ግን በአንድ ምስክር አታምንም። በማግስቱ የሰውን አነሣሥ መመልከት ጀመረች። የተበላሸ ቅጽ ጀርባ ላይ ትጽፋለች፦ የመምሪያው ኃላፊ፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው፤ ሾፌሩ፣ የመኪናውን በር ተደግፎ፤ ገንዘብ ያዧ፣ አቃስታ። እኔንም ሳሎን ወለል ላይ አስቀምጣ አስነሣችኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሳላስበው አንድ እጄን መሬት አስደገፍኩ። እሱንም ጻፈችው።

ቅዳሜ ዕለት ማንንም ሳታማክር ወንበር ላይ አርባ ጊዜ ቁጭ ብድግ ሠራች። ሰውነቷን ሳታሟሙቅ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ በአንድ ጊዜ። ያን ቀን ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ትንሽ ጎረረችብኝ። እሑድ ጭኗን ይጠዘጥዛት ጀመር። ሰኞ ጠዋት ከምንኖርበት ሦስተኛ ፎቅ የወረደችው የኋሊት፣ መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነው።

እንዲያ ስትወርድ ያገኟት ጋሽ ፊሽካ ናቸው። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን ሕንፃው ውስጥ የሚያውቅ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። አልሳቁባትም። ሕመሙ መጋጠሚያው ላይ ነው ወይስ ሥጋው ላይ፣ አንዱን እግር ነው ወይስ ሁለቱንም፣ እብጠትስ አለ ወይ እያሉ ጠየቋት። ሥጋው ላይ ነው፣ በሁለቱም በኩል፤ እብጠት የለም።

«እንግዲያው ያልለመዱትን ሠርተው ነው፤ በሦስት በአራት ቀን ይተውዎታል» አሏት። «ጉልበትዎን ቢወጋዎት፣ ደረትዎን ቢጫንዎት ወይም ቢያዞርዎት ግን ወዲያው ያቁሙ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

«ታዲያ ለምን በማግስቱ? ለምን ያኔውኑ አላመመኝም?»

ጋሽ ፊሽካ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ጡንቻ ያልለመደው ጫና ሲያርፍበት ውስጡ ጥቂት ጥቂት እንደሚጎዳ፣ ሰውነት ያንን ሲጠግን ሕመሙ ዘግይቶ እንደሚሰማ፣ የተጠገነው ደግሞ ከበፊቱ ጠንከር እንደሚል አስረዷት። ስለዚህ ዕረፍቱም የሥራው ክፍል ነው። አክስቴ ያን ቀን አርፍዳ ገባች፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ።

የደም ግፊት ክኒን እንደምትወስድ ሲሰሙ ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንዳትጀምር አሳሰቧት። ሐኪሟ ፈቀደላት። ትንፋሿን አፍና እንዳትታገል ብቻ አስጠነቀቃት፤ ያኔ ግፊቱ በአንዴ ይወጣልና። ይህ ለምን እንደሚሆን እስኪገባት ድረስ ቀጣዩ ታካሚ በሩን ሁለቴ አንኳኳ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለለች፣ በምሳ ሰዓት ትሠራለች። መጀመሪያ በመደርደሪያዎቹ መሀል አምስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከዚያ ከወንበር ስምንት ጊዜ መነሣት፤ ስትነሣ ትንፋሿን ማውጣት። ስምንቱ ሲቀላት ዝቅ ወዳለ መቀመጫ ዞረች። መቀመጫው ያረጁ ጥራዝ መዝገቦች ክምር ነው፤ እያንዳንዱ አራት ጣት ይወፍራል። በየሁለት ሳምንቱ ከክምሩ አንዱን ትቀንሳለች። አንዴ ቸኩላ ሁለት ባንድ ላይ ቀነሰችና ስትነሣ ግራ ጉልበቷን ወጋት። አቆመች። ሳምንት ጠብቃ፣ አንዱን መልሳ ደርባ እንደገና ጀመረች። የጽዳቷ ሴትዮ ቆማ እያየቻት፣ «መዝገብ ለዚህ እንደሚጠቅም ባውቅ ኖሮ አቧራውን ደኅና አድርጌ አራግፈው ነበር» አለቻት።

በአምስተኛው ወር ክምሩ አለቀ። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ እጇን ብቻ አስደግፋ ተነሣች። ያለ እጅ እስካሁን አልሆነላትም፤ አላስጨነቃትም።

አሁን የያዛት ሌላ ጉዳይ ነው። ጥርሷን ስትቦርሽ በአንድ እግሯ ትቆማለች፤ ብትንገዳገድ የምትይዘው የእጅ መታጠቢያው አጠገቧ ነው። በቀኝ እግሯ ሃያ ሁለት ሰከንድ፣ በግራው ዘጠኝ። ግራው ምን ሆነ? ባለፈው እሑድ ይህንን ልትጠይቅ ወደ ጋሽ ፊሽካ ስትወርድ ተከተልኳት። እሳቸው እንደማያውቁ ነገሯት። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ በግራ እግራቸው ቆሙ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚታቸውን ትመለከት ጀመር፤ ሰዓቱን እኔ ያዝኩ።