እሾህ የሌለው ዓሣ

ሳቢራ ቢቸና ተወልዳ ሞጣ ያገባች የጨርቅ ነጋዴ ናት። ምላሷ ስለታም ነው ይሏታል፤ እሷም አትክድም። ከባሏ ታላቅ ወንድም ከሐምዱ ጋር የተቆራረጠችው ግን በዓሣ ምክንያት ነው።

ልጇ ሀኒያ በሕፃንነቷ የዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ጤና ጣቢያ ነው የወጣላት። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ዳር የመጣ ዓሣ ሲጠበስ ከሸተታት ታለቅሳለች። ሐምዱ ሱቁ ውስጥ ትልቅ ፍሪዘር አስገብቶ፣ እንደ ጣት ተቆርጦ በዳቦ ፍርፋሪ የተለበጠ የበረደ ዓሣ በካርቶን መሸጥ ሲጀምር ሳቢራ ደስ አላት። እሾህ የለውም። ዘይት ውስጥ ጣል ማድረግ ብቻ ነው፤ ሲነክሱት ኩርሽም ይላል። ሀኒያና ታናሿ ዘይዳ ነፍሳቸው ሆነ። ሳቢራንም ከገበያ ደክማ ስትገባ ወጥ ከመሥራት ገላገላት።

እያደር ግን ጠላችው። ልጆቹ ሽሮ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ጨው ስለሚበዛበት ውኃ ውኃ ይላሉ። አንድ ቀን ልባሱን ገፍፋ ብታየው ዓሣው ከልባሱ ያነሰ ነው። ቢሆንም ልጆቹ ሲያለቅሱ እየተሸነፈች መግዛቷን አልተወችም።

በክረምቱ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። እንደተመለሰ የገዛችው ካርቶን ሲከፈት ዓሣው እርስ በርሱ ተጣብቆ ጡብ መስሏል። በቢላ ፈልፍላ ጠበሰችላቸው። ሁለቱም ልጆች ሲያስመልሳቸው ዋሉ። ክሊኒክ ያየቻቸው ነርስ ምን እንደበሉ ጠየቀችና፣ "ቀልጦ መልሶ የበረደ ነው፤ ይኼማ ይመርዛል" አለች።

ልጆቹ ሲሻላቸው ሳቢራ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች።

"ጋሼ ሐምዱ፣ ዓሣው ቀልጦ እንደነበር ያውቁ ነበር?"

"መብራት የማጠፋው እኔ ነኝ እንዴ?"

"እሱን አልጠየቅሁዎትም። ያውቁ ነበር ወይ?"

"አንቺ በደንብ ሳትጠብሺው ቀርተሽ ነው። ሌላው ሰው በልቶ ደህና ነው።"

"የወንድምህ ልጆች ናቸው!" ብላ ጮኸች። ዋርሳዋን አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ፍሪዘሩን ከፍታ የተጣበቁትን ካርቶኖች እዚያ ለነበሩት እናቶች አሳየቻቸው። አንዷ የያዘችውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሐምዱ ክዳኑን ሲደፍነው የሳቢራ ጣቶች ለጥቂት ተረፉ።

"ውጪ ከሱቄ! ወንድሜ ድሮም ሚስት መምረጥ አያውቅበትም!"

ባሏ ሙሐመድያሲን ነገሩን ሊያበርድ ሞከረ። "ታላቄ ነው፤ አንቺው ይቅርታ ጠይቂው።"

"ይቅርታ የሚጠይቅ እሱ! ያውም ልጆችህን።"

ሽማግሌ ገባ፤ ሐምዱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም አለ። ዛሬም ይሸጣል፤ መብራት ዛሬም ይጠፋል። ሳቢራ ትኩሱን ዓሣ አስመጥታ፣ እሾሁን በጣቷ እየዳበሰች ለቅማ፣ በዱቄት፣ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ለብጣ ትጠብሳለች። ሀኒያ ቀምሳ፣ "የአጎቴ ይሻላል" አለቻት። ሳቢራ ንዴቷን ውጣ "ብዪ!" አለች። ልጅቷ እያኮረፈች በላች።

ለዒድ ሐምዱ ምግብ ላከላቸው። ሳቢራ ክዳኑን እንኳ ሳታነሣ መለሰችው።